ቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው ርካሽ የኮምፒውተር ጠረጴዛ፦ ከልኬት እስከ ርክክብ

አዲስ አበባ ውስጥ ፈርኒቸር ቤት ገብታችሁ «የኮምፒውተር ጠረጴዛ አለ?» ብትሉ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩአችሁ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። ከሥሩ ተስቦ የሚወጣ የኪቦርድ ማስቀመጫ፣ በጎን የሲፒዩ መክተቻ፣ ከላይ የፕሪንተር መደርደሪያ፣ እግሩ ላይ አራት ትንንሽ ጎማ። ይህ ቅርጽ የመጣው ሞኒተር እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ወፍራም በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ቤቱ የሚሠራ ሰው በአብዛኛው ላፕቶፕ ነው ያለው። ሲፒዩ የለ፣ ፕሪንተር የለ። ለማይነካው ነገር ሁሉ ግን ይከፍላል። የኪቦርድ ማስቀመጫው ደግሞ ጭኑን እየነካ ያስቸግረዋል።

የኔ ምክር ይኸው ነው፦ ገንዘባችሁን ለሦስት ነገር ብቻ አውጡ። ለላይኛው ገጽ፣ ለማይነቃነቅ እግር፣ ለሰውነታችሁ ለሚሆን ከፍታ። መሳቢያውም፣ መደርደሪያውም፣ ጎማውም ይቅር። እንዲህ ያለውን ጠረጴዛ የሰፈራችሁ በያጅ እና አንድ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ቦርድ) ቆራጭ ቤት ሊጨርሱት ይችላሉ።

ዋጋ በቁጥር አልጽፍም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብረትም የቦርድም ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ይልቅ ዋጋው ከምን ከምን እንደሚመጣ ላሳያችሁ። ያንን ካወቃችሁ መከራከር አይከብዳችሁም።

1. መጀመሪያ ወንበር፣ ከዚያ ክርን

ጠረጴዛ ከመፈለጋችሁ በፊት የምትቀመጡበትን ወንበር ወስኑ። ከወንበሩ ተነጥሎ «ትክክለኛ ከፍታ» የሚባል ነገር የለም።

ወንበሩ ላይ በደንብ ወደ ኋላ ገብታችሁ ተቀመጡ። እግር መሬት ይንካ። ትከሻችሁን ልቀቁት። ክርናችሁን እጠፉትና ክንዳችሁ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን። አሁን አንድ ሰው ከመሬት እስከ ክርናችሁ ሥር በሜትር ይለካላችሁ። ያ ቁጥር የጠረጴዛችሁ ከፍታ ነው። ከላፕቶፑ ሌላ ኪቦርድ ካላችሁ ለውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ።

ይህን ለምን አጠበቅኩት? ተሠርቶ የሚሸጥ ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ ከ73 እስከ 76 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ተራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ደግሞ መቀመጫው ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ የተቀመጠ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ክርኑ ወደ 68 ወይም 70 ላይ ያርፋል። ስለዚህ 75 የሆነ ጠረጴዛ ላይ ቀኑን ሙሉ ትከሻውን ሰቅሎ ይጽፋል ማለት ነው። ማታ ማታ አንገቴን ያዘኝ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ አልጋው ሳይሆን ይኸው ነው።

ከፍ ዝቅ የሚል የቢሮ ወንበር ካላችሁ ነገሩ ይቀላል፤ ወንበሩን ከፍ አድርጋችሁ እግራችሁ ከተንጠለጠለ ከሥሩ ማረፊያ ታደርጋላችሁ። ባልና ሚስት ተራ በተራ የሚጠቀሙበት ከሆነ ለረጅሙ ሰው ለኩ። አጭሩ ሰው ትራስና የእግር ማረፊያ ይበቃዋል። ረጅሙን ሰው ግን ማሳጠር አይቻልም።

2. ክፍሉ

በጠረጴዛውና ከኋላችሁ ባለው ነገር መካከል፣ አልጋም ይሁን ሶፋ ወይም ግድግዳ፣ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ካልሆነ ወንበሩን ስባችሁ መነሳት አትችሉም። ጠረጴዛው 60 ከሆነ በጠቅላላው 1 ሜትር ከ40 ትፈልጋላችሁ። አሮጌ ጋዜጣ ወለሉ ላይ አንጥፋችሁ ወይም በጠመኔ አስምራችሁ አንድ ቀን በዚያ አካባቢ ተመላለሱ። በሩ ሲከፈት ይነካዋል? ቁም ሳጥኑስ ይከፈታል?

መስኮቱ በጎናችሁ እንዲሆን አድርጉ። ከኋላችሁ ከሆነ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፣ በቪዲዮ ስብሰባም ፊታችሁ ጠቁሮ ይታያል። ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ ዓይን ይወጋል። በተለይ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ መጋረጃ ሳይኖር አያሠራም። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ሰዎች ግን ከመስኮቱ አትራቁ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ወረቀቱ የለውም።

ሶኬቱ የት እንዳለም እዩ። ብዙ ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል አንድ ሶኬት ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ከአልጋው ጀርባ ይሆናል።

3. መጠኑን ከቦርዱ አውጡት

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ኤምዲኤፍም ሆነ ቺፕውድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22 በሆነ ሙሉ ቦርድ ነው። እስቲ እንቁረጠው። ርዝመቱን ለሁለት፣ ወርዱን ለሁለት ብትከፍሉት አራት እኩል ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱ 122 በ61። መጋዙ በየቁርጡ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ስለሚበላ በእርግጥ የምታገኙት 120 በ60 ገደማ ነው። ይህ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ላፕቶፕና ለአንድ መካከለኛ ሞኒተር በቂ ነው። ከአንድ ቦርድ አራት ገጽ ይወጣል፣ የሚጣል ነገር የለም።

አሁን ደግሞ «ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ወርዱን 70 አድርገው» ብትሉ? ከዚያው ቦርድ የሚወጣው ሦስት ብቻ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ለመጨመር ከቦርዱ ሩብ ወደ ሲሶ ተሻገራችሁ። ባለሙያው ይህንን ዋጋ ውስጥ ያስገባዋል፣ መብቱም ነው። ግን አስተውሉ፤ ወርዱ 80 ቢሆንም የሚወጣው ያው ሦስት ነው። ስለዚህ 60 ካልበቃችሁ 70 ላይ አትቁሙ። ወይ 80 አድርጉት፣ ወይ 70 አድርጋችሁ ከቦርዱ የሚተርፈውን 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቁራጭ ለመደርደሪያ ጠይቁ። ሙሉ ቦርድ የገዛችሁ እናንተ ከሆናችሁ ትርፉ የእናንተ ነው። ዝም ካላችሁ እዚያው ይቀራል።

60 የማይበቃው መቼ ነው? ስክሪን ከዓይን የአንድ ክንድ ያህል፣ ማለትም ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ሞኒተሩ 27 ኢንች ከሆነ፣ ማቆሚያውም ሰፊ ከሆነ፣ 60 ወርድ ላይ ፊታችሁ ድረስ ይመጣል። ለ24 ኢንች ግን ምንም አይልም። ባለ ሁለት ሞኒተር ከሆናችሁ ርዝመቱም 140 ይሁን። እሱ ሌላ ሒሳብ ነው፣ ውድ ነው።

ከሁሉ የሚረክሰው መንገድ ሌላ ነው። ኤምዲኤፍ ቆራጭ ቤት ገብታችሁ «120 በ60 የሚሆን ቁራጭ አለ?» በሉ። ቁም ሳጥንና ኪችን ካቢኔት የሚሠሩ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተደገፈ ቁራጭ አያጡም። ቀለሙን መምረጥ አትችሉም እንጂ ዋጋው ከሙሉ ቦርድ ሒሳብ በጣም ይቀንሳል።

4. ገጹ ከምን ይሁን?

ቺፕውድ ከእንጨት ፍርፋሪና ከማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ነው፤ ርካሽ ነው። ኤምዲኤፍ ይበልጥ የደቀቀ፣ ለስላሳና ከበድ ያለ ነው፤ ጠርዙም ቶሎ አይፈረፈርም። ሁለቱም አንድ ጠላት አላቸው፣ ውሃ። አንዴ ውሃ ከገባባቸው ያብጣሉ፣ ቢደርቁም አይመለሱም። ኮምፔርሳቶ ውሃን በመቋቋም ይሻላል፤ ግን ላዩ ካልተቀባ ስንጥር ይወጣዋል። ጣውላ ደግሞ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ በደንብ ካልደረቀ ግን ይጣመማል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ለጠረጴዛ ገጽ አትቀበሉ።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሜላሚን (ጠንካራ ስስ ሽፋን) የለበሰ ቦርድ በቂ ነው። 16 ሚሊውን በርካሽ ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ። ልዩነቱ 2 ሚሊ ብቻ ቢመስልም 18ቱ መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። 25 ሚሊ ደግሞ ከ18ቱ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይጠነክራል። ከሥሩ የብረት ፍሬም ካለ ግን አያስፈልጋችሁም።

አራቱም ጠርዝ መታሸጉን አረጋግጡ። ፊት ለፊት የሚታየውን ጠርዝ ለጥፈው ወደ ግድግዳ የሚዞረውን ባዶ መተው የተለመደ ነው። በክረምት እርጥበት የሚይዘው ያ ግድግዳ በኩል ያለው ነው።

5. እግሩ

ተሠርቶ የሚሸጠው ርካሽ ጠረጴዛ እግሩም ራሱ ቺፕውድ ነው። እኛ አገር ወለል እንዴት እንደሚጸዳ ታውቃላችሁ። ሊሾም ይሁን ሴራሚክ፣ ውሃ ይፈስበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ የቺፕውድ እግር ከታች እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። ስለዚህ እግሩ ብረት ይሁን።

በያጁ የሚያውቀው ብረት አርኤችኤስ ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ማለት ነው። ባለ 40 በ40 ይሁን፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ቢሆን ደግ ነው፤ 1.2ም ይሠራል። ከዚያ የሳሳው ሲበየድ ይቀዳደዳል። አንዱ ሙሉ ብረት 6 ሜትር ነው። ሒሳቡን እንሥራው፤ ከፍታችን 70 ገደማ ነው እንበል።

ቋሚ፣ 68 ሳንቲ ሜትር፣ 4 ፍሬ፦ 2 ሜትር ከ72።
ረጅም አግዳሚ፣ 92 ሳንቲ ሜትር፣ 2 ፍሬ፦ 1 ሜትር ከ84።
አጭር አግዳሚ፣ 42 ሳንቲ ሜትር፣ 2 ፍሬ፦ 84 ሳንቲ ሜትር።

ድምሩ 5 ሜትር ከ40። አግዳሚዎቹ በቋሚዎቹ መካከል ሲበየዱ ፍሬሙ ከውጭ ወደ ውጭ 100 በ50 ይሆናል። 120 በ60 ቦርድ ሲጫንበት በግራና በቀኝ 10፣ በፊትና በኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ቁመቱ ከቦርዱ ጋር 69.8 ነው። ከአንዱ ብረት ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ተረፈ። እሱን ለሁለት ቆርጦ ከኋላ በኩል በሁለቱ ማዕዘን ላይ በሰያፍ ይበይደው። ጠረጴዛ ወደ ጎን የሚወዛወዘው ይህ ሰያፍ ሲጎድል ነው። አያችሁ፣ አንድ ብረት፣ የቦርድ ሩብ፣ የአንድ ቀን ሥራ እንኳን የማይሞላ ጉልበት። በያጁ «ሁለት ብረት ይፈጃል» ቢላችሁ ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ አሳዩት።

ሁለት ትንንሽ ነገር አትርሱ። የእግሩ ታች ክፍት ከቀረ የወለል ውሃ ወደ ውስጥ ይገባና ከማይታይበት ይዝጋል፤ ስለዚህ የፕላስቲክ ጫማ ይግባለት። ሁለተኛ፣ በፍሬሙ ውስጠኛ ጎን ከላይ ጫፍ ላይ ስድስት ትንንሽ ባለ ቀዳዳ ጆሮ ይበየድ። ቦርዱ በነዚያ በኩል ከሥር በብሎን ይታሰራል። ቤት ስትቀይሩ ፈትታችሁ ለየብቻ ትሸከሙታላችሁ። ተከራይ ለሆነ ሰው ይህ ከምንም ይበልጣል፤ ገጹና ፍሬሙ ከተለያዩ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ሁለት ሰው ያለ ችግር ያወጣዋል፣ በላዳ ፖርቶ መጋላ ላይም ይታሰራል።

6. ከባለሙያው ጋር

ልኬቱን በቃል አትንገሩት። «አትጨነቁ፣ ስታንዳርዱን አውቀዋለሁ» ይሏችኋል። ስታንዳርዱ 75 ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ግን 70 ነው። ወረቀት ላይ ሣሉት። ሥዕሉ ባያምርም ቁጥሩ ይነበብ፦ ርዝመት፣ ወርድ፣ ቦርዱን ጨምሮ ከፍታ፣ የብረቱ ዓይነትና ውፍረት፣ ቀለሙ፣ የሚያልቅበት ቀን። ከሥሩ ቀብድ ምን ያህል እንደሰጣችሁ ይጻፍ። ሁለታችሁም ፎቶ አንሱት።

ቀብድ ግማሽ ድረስ ቢሆን ደንብ ነው። ዕቃ ሊገዛ ነውና ያለ ቀብድ ሥራ አይጀምርም። ሙሉውን ግን ማንም ይሁን አትክፈሉ። ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ሳምንታት ባታዙ ይሻላል። ያኔ ሁሉም ሰው ቤቱን ስለሚያድስ ሥራ ይደራረባል፣ «ነገ ኑ» ይበዛል።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት አንዴ ብቅ ብላችሁ ብየዳውን እዩ። ማዕዘኑ ዙሪያውን መበየድ አለበት። እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ብቻ ካለ ሲቆይ ይላቀቃል። ብየዳው በፍሌክስ (ብረት በሚቆርጠውና በሚሞርደው ማሽን) ተስተካክሎ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ተቀብቶ፣ እሱ ሲደርቅ ነው ቀለሙ የሚመጣው። ቀለም ከተቀባ በኋላ አንቲረስት ይኑር አይኑር የሚያውቅ እግዜርና በያጁ ብቻ ናቸው።

7. ስትረከቡ

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከፍታውን ለኩ። ከዚያ የቦርዱን ሰያፍ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቱንም ለኩ፤ 120 በ60 ከሆነ ሁለቱም ወደ 134 ይመጣሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ተጣሟል። ቀጥሎ ጠረጴዛውን ለጥ ያለ ወለል ላይ አስቁሙና አንዱን ማዕዘን ተጫኑ። ካነከሰ የወርክሾፑ ወለል ነው ብለው ያሳምኗችኋል። ቦታ አዛውሩና ድገሙት፤ ሁልጊዜ ያው እግር ከተነሳ ወለሉ አይደለም። መጨረሻ ላይ ሁለት እጃችሁን ጠርዙ ላይ አሳርፋችሁ ወደ ግራና ቀኝ ግፉት። ሞኒተር የሚያንቀጠቅጠው ይህ እንቅስቃሴ ነው። ቀሪው ገንዘብ የሚከፈለው ከዚህ በኋላ ነው።

8. ማሠራት ካልፈለጋችሁ

ያገለገለ ዕቃ ጥሩ አማራጭ ነው። ከአገር የሚወጡ ሰዎች፣ የሚዘጉ ቢሮዎች በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ይሸጣሉ። «አዲስ ዘመን» ላይ የሚወጡት የድርጅቶች ጨረታዎች ብዙውን ጊዜ በጅምላ ስለሆኑና ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ስለሚያስይዙ ለአንድ ጠረጴዛ አይመቹም። ግን ያሸነፉት ነጋዴዎች በኋላ በፍሬ ይቸረችራሉ። አሮጌ የቢሮ ጠረጴዛ ካገኛችሁ ገልብጣችሁ እዩት። ከሥር ያበጠ ቦርድ፣ የላላ ብሎን፣ በተለይ ደግሞ በመገጣጠሚያው ስንጥቅ ውስጥ ትኋን። እንጨት ከሆነ የነቀዝ ዱቄት። ትኋን ያለበትን በነፃም አትውሰዱ። ከፍታው 75 ከሆነ አትሽሹት፤ የብረት እግር በፍሌክስ ማሳጠር ቀላል ሥራ ነው።

ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛም አለ፣ ለጠባብ ስቱዲዮ ያምራል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ሆድ ብሎኬት ነው፤ ተራ ፊሸር አይይዝም፣ አከራዩም መብሳት ላይፈቅድ ይችላል። እኔ አልመክርም።

9. ቤት ሲገባ

መጓጓዣውን ስትነጋገሩ የጫኝና አውራጅንም ዋጋ አስቀድማችሁ ጨርሱ። መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ የሚጀመር ድርድር አይከናወንም። አዲስ ቀለም የተቀባ ፍሬም ሽታው እስኪጠፋ አንድ ሁለት ቀን በረንዳ ላይ ይዋል።

ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ሽቦ ያልፍበታል፣ የክረምት ላብ ያለበት ግድግዳም ቦርዱን አይነካውም። ላፕቶፑን በመጻሕፍት ወይም በትርፍ ቁራጭ ቦርድ ከፍ አድርጉት፤ የስክሪኑ ላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ያኔ የተለየ ኪቦርድና ማውስ የግድ ነው። በጠረጴዛው ላይ ካተረፋችሁት ገንዘብ መጀመሪያ የሚገዛው እሱ ይሁን።

ዲቫይደሩን ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ወለሉ ይታጠባል። ከቦርዱ ሥር በብሎን እሰሩት። የብሎኑ ርዝመት ከ16 ሚሊ አይብለጥ፤ ቦርዱ 18 ስለሆነ ረዘም ያለው በላይ በኩል ብቅ ይላል። የጆሮዎቹም ብሎን እንደዚሁ። ከወር በኋላ ሁሉንም አንዴ አጥብቁ፣ ግን አስሬ አትፍቱት፤ ቺፕውድ ደጋግሞ ሲፈታ ቀዳዳው ይሰፋል። ከሰፋ ደግሞ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክራችሁ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቁ፣ ሌሊቱን ይደር፣ ጠዋት ብሎኑን መልሱት።